እጄን ለማን ልስጥ

በከተማው ትያትር ቤት እንደ እሱ አሳምሮ የሚሞት ተዋናይ አልነበረም። በሰይፍ ሞቷል፣ በመርዝ ሞቷል፣ በጥይት ሞቷል፤ አንዴ እንዲያውም ደራሲው ሌላ ዘዴ ሲጠፋው በሳቅ ገድሎታል። መጋረጃው ተከፍቶ ብዙ ሳይቆይ ይወድቅና፣ ትያትሩ እስኪያልቅ ድረስ ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍ እንኳ ሳይነቃነቅ ይጋደማል። ከዚህ የተነሳ የከተማው ሰው እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «ሟቹ» ይለው ጀመር። «ሟቹ ዛሬ ሻይ ቤት አልመጣም?» ሲባል፣ «ጉንፋን ይዞት ተኝቷል» ይባላል። እንግዳ ሰው ሲሰማ ግር ይለዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ለምዶታል።

ስሙን አልጠላውም። የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነው፤ ሟች አያወራም። በዚያ ሁሉ ዘመን መድረክ ላይ የተናገረው ቢጠራቀም፣ አንድ የአውቶቡስ ረዳት በአንድ ጠዋት ከሚጮኸው አይበልጥም። ሆዱ ግን በቃል የተሞላ ነው። መድረክ ላይ ያጣውን ቤቱ ገብቶ ይወጣበታል። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ወሬው ሲሰለቻት የልብስ ስፌት መኪናዋን ጠበቅ አድርጋ ትረግጣለች፤ እሱ ደግሞ ከመኪናው በላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጎረቤት ሁለቱንም ይሰማል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሸሚዙ ከነሰውነቱ የተተኮሰ የሚመስል፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰው ወደ ትያትር ቤቱ መጣና ሥራ አስኪያጁን «አንድ አሸባሪ እንፈልግ ነበር» አለው። ሥራ አስኪያጁ ክው ብሎ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው የለም፣ ኖሮም አያውቅም ሲል፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የተቀደደ መጋረጃ ይጠግን የነበረው ሟቹ ጆሮውን አቆመ።

ሰውየው የአንድ የጋራ ልምምድ አስተባባሪ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ ወንዝ ዳር ናት፤ ከድልድዩ ማዶ ሌላ አገር ነው። ቋንቋው ወዲህም ወዲያም አንድ ነው፣ ጋብቻውም ተሳስሯል፤ የሚለየው የፖሊሶቹ የደንብ ልብስ ቀለም ብቻ ነው። ተራራው ላይ የመሸገ አንድ የታጠቀ ቡድን ደግሞ ለሁለቱም አልራራ ብሏል፤ እዚህ ገድሎ እዚያ ይደበቃል፣ እዚያ አቃጥሎ እዚህ ይሸሸጋል። ሁለቱ መንግሥታት ብዙ ጊዜ «ያንተ ጣጣ ነው»፣ «የለም ያንተ ነው» ሲባባሉ ከርመው፣ በመጨረሻ ከባሕር ማዶ ያሉ አገሮች ገፋ ገፋ ሲያደርጓቸው አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። ለመጀመሪያ ያህል የማስመሰል ልምምድ ታቀደ። አንድ አሸባሪ በድልድዩ ራስ ባለው አሮጌ የጉምሩክ አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ያግታል፤ የሁለቱ አገር ልዩ ኃይሎች ተባብረው ያስለቅቃሉ።

በሁሉም ነገር ተስማምተው በአንዱ ብቻ ተጣሉ፤ አሸባሪው የማን አገር ሰው ይሁን? ወዲህ ያሉት የእኛ ሰው አሸባሪ ሆኖ ካሜራ ፊት አይቆምም አሉ። ወዲያ ያሉትም ያንኑ አሉ። የሦስተኛ አገር ሰው ይሁን ሲባል፣ በታዛቢነት የመጡት የባሕር ማዶ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ሦስተኛ አገር ማለት እነሱ ነበሩና። ብዙ ሻይ ከተጠጣ በኋላ አሸባሪው አገር የለሽ፣ ስም የለሽ ይሁን ተብሎ ተወሰነ። እንግዲህ የሚፈለገው ሰው ከየት እንደመጣ ፊቱ የማይናገርበት፣ ልዩ ኃይል ሲንጋጋበትም ልቡ የማይቆም መሆን ነበረበት።

«ይናገራል?» አለ ሟቹ ከመሰላሉ ላይ።

«ማን?»

«አሸባሪው። ንግግር አለው?»

አስተባባሪው ወረቀቱን አገላብጦ፣ ጥቂት አለው አለ። ሟቹ ከመሰላሉ ሲወርድ አንዱን ደረጃ ስቶ፣ ያለ ድርሰት ሊሞት ለጥቂት ተረፈ።

ወደ ቤቱ የሄደው በሩጫ ነው ማለት ይቻላል። እሱ አላገባም፤ እህቱም ባሏ ከሞተባት ቆይታለች። ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ስፌት ቤት አድርጋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ቤቱ ዓመቱን ሙሉ በሰማያዊ ብጥስጣሽ ጨርቅ የተሞላ ነው። «እትዬ፣ በመጨረሻ ተናጋሪ ሆንኩልሽ» ብሎ ገባና ስለ አዳራሹ፣ ስለ ካሜራው፣ ከባሕር ማዶ ስለመጡት ሰዎች ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ለመሆኑ ምን ሆነህ ነው የምትሠራው ብላ ጠየቀችው።

«አሸባሪ» አላት።

መኪናዋ ቀጥ አለች። ሟቹ ያን ጊዜ ነው ምላሱን የነከሰው።

እህቱ አንድ ልጅ አላት። ጎንበስ ሳይል በበር የማያልፍ ሎጋ ቢሆንም ሰፈሩ «ጩጬ» እያለ ነበር የሚጠራው። በአንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ መኪና ገና ከመንገድ ሲመጣ ሳያየው በድምፁ ብቻ ምኑ እንደታመመ ይናገር ነበር። ቡድኑ ድልድዩ አጠገብ ፈንጂ ካፈነዳ በኋላ ድልድዩ ለጭነት መኪና ተዘጋ። የጭነት መኪና ሲጠፋ ጋራዡ ተዘጋ፤ ጋራዡ ሲዘጋ ጩጬ እንደ እኩዮቹ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን ፖሊሶች በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ሁሉ አፍሰው ወሰዱና፣ ጣቢያ አክርመው ያለ አንድ ቃል ለቀቋቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ለዘብ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ሰፈሩን ያዘወትር ጀመር። ምሳ ይጋብዛል፤ ከምሳውም በላይ ያዳምጣል። ጩጬ ስለ ሰውየው ለአጎቱ አንዴ አንስቶለት ነበር፤ አጎቱ ግን ያን ሰሞን ስለሚሞትበት አዲስ ትያትር እያወራ ነበርና በደንብ አልሰማውም። አንድ ማለዳ ጩጬ አልጋውን አንጥፎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ደህና ነኝ የሚል አጭር ስልክ አንዴ መጣ፣ ከዚያ ዝም። ፖሊስ ፎቶውን ወሰደ፣ ጎረቤት ከንፈሩን መጠጠ፣ ቀስ እያለ ደግሞ ጎረቤቱም እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሙ አይነሳም፤ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ቀርቷል።

«ተወው ካልሽኝ እተወዋለሁ» አለ ሟቹ፣ ድምፁ ወርዶ።

እህቱ ያለቀለት ኮሌታ አነሳችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አትተወው» አለችው። «ግን ስትሠራው አውሬ አታድርገው። መልአክም አታድርገው። ሰው አድርገው፣ ካወቅክበት።»

ድርሰቱን ሰጡት፤ ድርሰት ከተባለ። ገጽ ተኩል ነው። የእሱ ንግግር «ወደ ኋላ በሉ»፣ «ጥያቄዬ ካልተመለሰ እጨርሳቸዋለሁ» እና «እጄን ሰጥቻለሁ» የሚል ብቻ ነው። ጥያቄው ምን እንደሆነ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

በመሰናዶው ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ። በአንድ በኩል የወዲህ አዛዥ፣ በሌላ በኩል የወዲያ አዛዥ፣ ከላይ ታዛቢዎቹ፣ መካከል ላይ አስተባባሪው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል።

«ይህ ሰው ለምንድነው እንዲህ የሚያደርገው?» ብሎ ጠየቀ ሟቹ።

አስተባባሪው አሸባሪ ስለሆነ ነዋ አለው። ሟቹ ይሄማ ሥራው ነው፣ እኔ የምጠይቀው እዚህ ምን እንዳደረሰው ነው፤ ሌባ ሆኜ ስሞትም ንጉሥ ሆኜ ስሞትም ምክንያት ነበረኝ፣ ባዶ ሰው አልጫወትም ብሎ ድርቅ አለ። ተንኮል አስቦ አልነበረም። ከስንት ዘመን በኋላ ያገኛትን ቅንጭብጫቢ ንግግር ወግ ባለው መንገድ መናገር ነው የፈለገው። ነገር ግን ሳያውቅ የንብ ቀፎ ነክቷል።

የወዲህ አዛዥ ምክንያቱማ ግልጽ ነው፣ ከድልድዩ ማዶ የሚመጣ ስብከት ነው አለ። የወዲያ አዛዥ ስብከቱ ከእናንተው የሚሻገር ነው፣ ዋናው ነገር ሥራ ማጣት ነው፣ ለመሆኑ ድልድዩን ማን ዘጋው አለ። አንዲት ታዛቢ ድህነት ነው ስትል፣ ከጎኗ ያለው ታዛቢ ከሀብታም ቤት ወጥተው ጫካ የገቡትን ይዘረዝርባት ጀመር። ሌላው ደግሞ የፍትሕ መጓደል ነው ብሎ ገና አፉን ሲከፍት፣ ሁለቱ አዛዦች ከተዋወቁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተቃወሙት። አስተባባሪው ላቡን እየጠረገ፣ በጋራ መግለጫው ላይ «የችግሩ ሥረ መሠረት» የምትለው አንቀጽ ስላልተስማማንባት ከተጻፈች ጀምሮ ከቅንፍ ወጥታ አታውቅም፣ ዛሬም አትወጣም፣ እባካችሁ ወደ ፕሮግራሙ እንመለስ ብሎ ለመነ። ወደ ሟቹ ጠጋ ብሎም «እርስዎ ዝም ብለው ያግቱ» አለው።

በወዲያ ወገን ጥግ ላይ ብርቱካን የምትልጥ ሴት ነበረች። የፖሊስ ኢንስፔክተር ናት፤ በልምምዱ ላይ አሸባሪውን የምታነጋግረው እሷ ናት። ልጣጩን ሳትበጥስ ጨርሳ፣ «እኔም የማነጋግረውን ሰው ባውቀው ይሻለኛል» አለች። አዛዦቹ ወደ ፕሮግራሙ ተመለሱ። ትከሻዋን ነቅንቃ ግማሹን ብርቱካን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሟቹ ገፋችለት።

የልምምዱ ቀን አዳራሹ ተጠርጎ፣ የጥንቱ ሚዛን ጥግ ይዞ፣ ካሜራዎች ተተከሉ። ታጋች እንዲሆኑ የተላኩት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ገንዘብ ያዥዋ የምትሠራውን ሹራብ ይዛ መጣች፤ ዘበኛው ደግሞ የአዳራሹን ወንበር ስላላመነው የራሱን ተሸክሞ መጣ። ለሟቹ ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ እህቱ ሰፍታለታለች። ኪሶቹ ውስጥ በፈንጂ ፋንታ የልብስ ሳሙና ተሞልቷል፤ ስለዚህም አሸባሪው በሄደበት ሁሉ ንጹሕ ንጹሕ ይሸታል።

ፊሽካ ተነፋ። ሟቹ «ወደ ኋላ በሉ» ሲል ድምፁ አዳራሹን ስለሞላው ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቤቴ ደርሼ ልምጣ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ገንዘብ ያዥዋ በዓይኗ አስቀመጠችው።

ውጪ ግን ነገር መበላሸት ጀምሯል። የሁለቱ አገር ልዩ ኃይሎች መገናኛ ሬዲዮ አይሰማማም። ለካስ የትእዛዝ ቃሉም ሳይጣራ ቀርቷል፤ «ቀጥል» ማለት ለወዲህኞቹ «ግባ» ማለት ነው፣ ለወዲያኞቹ «ባለህበት ጠብቅ» ማለት ነው። አዛዦቹ ይህን እስኪያስተካክሉ ኢንስፔክተሯን በወሬ ያዢው አሏት። ድምፅ ማጉያውን አፏ ላይ ስታደርገው ባትሪው አልቆ እንደ ታመመ ጥጃ አቃሰተ። አስቀመጠችውና ባዶ ሣጥን ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች። የተጻፈላትን ሁሉ ተናገረች፤ እሱም የተጻፈለትን መለሰ። አለቀ። የሚገባ ኃይል የለም።

«ስምህ ማን ነው?» አለችው።

ይሄ ድርሰቱ ላይ የለም። ሟቹ አፉን ሲከፍት የወጣው «ጩጬ» የሚል ነው።

ዘበኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ጩጬ፣ መጀመሪያ ያገኘህ ማን ነው?»

«ምሳ የጋበዘኝ ሰው።»

«ምን አለህ?»

«ጠየቀኝ። አንተስ ምን ታስባለህ አለኝ።» ሟቹ የሚናገረው ከየት እንደሚመጣ ራሱም አያውቅም ነበር፤ ብቻ ይመጣል። «ጋራዡ ሲዘጋ የጠየቀኝ የለም። ጣቢያ ሲያከርሙኝም የጠየቀኝ የለም። ቤት ስገባ ደግሞ አጎቴ ያወራል። አጎቴ ወሬ ይወዳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ለበደሌ ስም አወጣለት። ከዚያ የበዳዬን ስም ነገረኝ። ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነገረኝ። እዚያ ስደርስ ምሳውም ቀረ፣ ጥያቄውም ቀረ።»

ገንዘብ ያዥዋ ሹራቧን ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ለእናትህ ለምን አልነገርካትም?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሟቹ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልመጣም። መድረክ ላይ ቃል ጠፍቶት አያውቅም፣ ቃል ኖሮትም አያውቅ። «እሱን አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እሱን እኔም ልጠይቀው እፈልጋለሁ።»

እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አነጋገሯንም ለውጣ፣ «ልጁ የእርስዎ ነው?» አለችው።

«የእህቴ።»

«በሕይወት አለ?»

«አናውቅም።»

ሌላ ነገር ልትለው ስትል በሁለቱም በር ጭስ ገባ። አዛዦቹ ቃሉን አስተካክለውት ኖሯል፤ አሁን ለሁለቱም «ግባ» ሆኗል፤ ማን በየት በር እንደሚገባ ግን አልተነጋገሩም። የወዲህ ልዩ ኃይል በምሥራቁ በር፣ የወዲያው በምዕራቡ በር እየተንጋጋ ገባ። በጭሱ ውስጥ የራሳቸው ያልሆነውን የደንብ ልብስ ቀለም ያዩት ሁሉ በየፊናቸው «እጅ ወደ ላይ» እያሉ ተያያዙ። ጭሱ ሲገልጥ ግማሹ ልዩ ኃይል ግማሹን መሬት ላይ አስተኝቶ እጁን ጠፍሮታል። ድሮቹ አብረው ነበር፤ ግን የተሳሰሩት እርስ በርሳቸው ነው።

ሟቹ እጆቹን ሽቅብ አንስቶ መሀል ላይ ቆሟል። የሚያየው የለም። «እጄን ሰጥቻለሁ» አለ፣ በተለማመደው ድምፅ። ማንም አልዞረም። ትንሽ ጠበቀና ዙሪያውን እየተመለከተ «እጄን ለማን ልስጥ?» ብሎ ጠየቀ።

«ለኔ ስጠኝ፣ ወንድሜ» አለች ገንዘብ ያዥዋ። «ጨርሰን ወደየቤታችን እንሂድ።» እሱም ፈንጂውን አንድ በአንድ ከኪሱ እያወጣ አስረከባት፤ እሷም ከሹራቧ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሳሙና መቼም አይጣልም።

ልምምዱ ካበቃ በኋላ ኢንስፔክተሯ ሟቹን ጓሮ ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ አገኘችው። ቃል መግባት እንደማትችል አስቀድማ ነገረችው። ከተራራው ማዶ፣ በእሷ አገር በኩል፣ ድሮ የጡብ ፋብሪካ የነበረ ግቢ አለ፤ ከቡድኑ ከድተው እጃቸውን የሰጡ ልጆች እዚያ ነው የሚቀመጡት። ፍርድ ቤት አይቶ ወንጀል ያላገኘባቸውም አሉ፤ ግን የሚረከባቸው ጠፍቷል። ወዲህ ሲጠየቅ አናውቃቸውም ይባላል፣ ወዲያ ሲጠየቅ የእኛ አይደሉም ይባላል። ልጆቹም ቤተሰባቸው እንዳይነካባቸው ትክክለኛ ስማቸውን አይናገሩም። ምልክት አለው ወይ ብላ ጠየቀችው። ረጅም ነው አላት። ረጅም ብዙ ነው አለችው። ሞተር በጆሮው እንደሚያክም ነገራት፤ ይሄ ይሻላል ብላ ሄደች።

ማታውኑ ሳያድር ግምገማ ተጠራ። ሁለቱ አዛዦች ፊታቸው አይታይም፤ ጦሩ እርስ በርሱ የተማረከበት ፊልም እየተደጋገመ ታይቷል። ታዛቢዎቹ በትሕትና፣ ከዚህ ልምምድ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት አንድ ነገር ይኖር ይሆን ብለው ጠየቁ። አዛዦቹ ወረቀታቸውን አገላበጡ። ኢንስፔክተሯ አስቀድማ አስተባባሪውን ጥግ ይዛ አንድ ነገር ሹክ ብላው ነበር፤ እሱም በሕይወቱ ያልተፈቀደለትን ነገር ተናግሮ የማያውቅ ሰውዬ፣ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ ብድግ አለ። አዎ አለ፤ በጡብ ፋብሪካው ግቢ ያሉትን ነፃ የተባሉ ልጆች በጋራ አጣርቶ ለቤተሰብ ለመመለስ ሁለቱ አዛዦች ተስማምተዋል አለ። አዛዦቹ በድንጋጤ ተያዩ። የለም እንዳይሉ፣ ከፊልሙ ሌላ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም። የወዲያው በመጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፤ የወዲህኛውም መቀደም ስላልፈለገ ቶሎ ብሎ ነቀነቀ። ታዛቢዎቹ አጨበጨቡ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኢንስፔክተሯ ደወለች። አንድ ረጅም ልጅ አለ፣ ከግቢው የውኃ ፓምፕ ጋር እያወራ ውሎ ያድራል አለችው። ስሙን ሲጠየቅ የሰጠው ግን የሰው ስም አይመስልም ብላ ስሙን ነገረችው።

ሟቹ ስልኩን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ስሙ የንጉሥ ስም ነው» አላት። «በመርዝ የሞተ ንጉሥ። የሞትኩት እኔ ነኝ።» ያን ንጉሥ ከከተማው ሰው የሚያስታውሰው የለም። ለካስ ልጁ የአጎቱን ወሬ ይሰማ ኖሯል።

እህትና ወንድም አውቶቡስ ተሳፍረው ድልድዩን ተሻገሩ። በመንገዱ ሁሉ ሟቹ ሲያወራ እህቱ በመስኮት ስታይ ነበር፤ ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ግን እሱም ወሬውን አቆመ። ጩጬ እጁ ጥቁር ዘይት ሆኖ ከፓምፑ ስር ወጣ። ከስቷል፤ ቁመቱ የባሰ ረዝሞ ይታያል። እናቱ ሳትቸኩል ወደ እሱ ሄደች፣ አላቀፈችውም። ሸሚዙን ያዘች፤ አገላበጠችው።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?» አለች። «እጅጌው ዞሯል።»

ያን ጊዜ ልጁ ያን ሁሉ ቁመት አጥፎ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ዘይቱም ልብሷን አበላሸው፤ እሷም ተው አላለችውም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሆነውን ነገራቸው። ቡድኑ የሰጠው ሥራ መኪና መጠገን ነበር። አንድ ቀን የጠገነው መኪና ምን ጭኖ እንደሄደ፣ የት እንደፈነዳ በሬዲዮ ሰማ። በዚያው ሌሊት በእግሩ ጠፋ፤ ለመጀመሪያ ላገኘው ፖሊስ እጁን ሰጠ። ፍርድ ቤቱ አታውቅም ነበር ብሎ ለቀቀው፤ እሱ ግን ራሱን ገና እንዳልለቀቀ ፊቱ ላይ ይነበባል። ሟቹ ሊያጽናናው አፉን ሲከፍት እህቱ በጫማዋ እግሩን ረገጠችው።

«ስትሄድ ለምን አልነገርከኝም?» አለች እናቱ።

«ብነግርሽ ሳልሄድ እንደምቀር አውቄ ነበር» አላት።

ጩጬ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነገሩ የደስታ ብቻ አልነበረም። በየሳምንቱ ጣቢያ ሄዶ ይፈርማል። የባሕር ማዶ አገሮች ለተመላሾቹ ሥልጠና ላኩ፤ አንደኛው አገር የላከው የኤሌክትሪክ መኪና መምህር ነበር። በከተማው የኤሌክትሪክ መኪና ስለሌለ መምህሩ የሚያሳየው ሥዕል ብቻ ነው፤ ጩጬም ድምፅ የሌለው መኪና ምኑን አዳምጬ ልጠግነው ብሎ ተቸገረ። ሌላ አገር የላከችው ሐኪም ግን ብዙ የማይናገር፣ አብሮት ቁጭ የሚል ሰው ነበርና እሱን ወደደው። ከጎረቤት አንዳንዱ መግባት መውጣት ጀመረ። በድልድዩ ፍንዳታ ወንድሟን ያጣችው የሰፈሩ ባለ ሱቅ ግን እስከ ዛሬ አታናግረውም። እናቱም ልጇም አይፈርዱባትም፤ በሱቋ ፊት ሲያልፉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ብለው ያልፋሉ፣ መልስ አይጠብቁም።

አስተባባሪው ደግሞ አንድ ቀን ጩጬን ስብሰባ ላይ እንዲናገር ሊጠይቅ መጣ። አንቀጿ አሁንም ቅንፍ ውስጥ ናት። ጩጬ ሄደና ሥረ መሠረቱ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ጋራዡ ነው፣ ጣቢያው ነው፣ በረንዳው ነው፣ ሰውየው ነው አላቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ባይኖር ትሄድ ነበር ወይ ሲሉት አላውቅም አላቸው። በዚች አላውቅም ላይ እስኪመሽ ተከራከሩባት። አንቀጿ ሙሉ በሙሉ ባትወጣም ግማሽዋ ወጣች ይባላል። ከከተማው ሰው ዘንድ የደረሰው ግን አንድ ነገር ነው፤ ድልድዩ ለጭነት መኪና ተከፈተ፣ ፍተሻውም በሁለቱ አገር ፖሊስ በጋራ ሆነ። ጣቢያውም ቢያንስ የያዘውን ሰው ስም መጠየቅ ጀምሯል።

ጩጬ በድልድዩ ማዶ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አገኘ። በየጠዋቱ ይሻገራል። በመጀመሪያው ቀን የፍተሻው ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ፣ ሁለት ቀለም የለበሱ ሁለት ፖሊሶች አንድ ማኅተም ይዘው ይጓተታሉ። አንደኛው ድልድዩ የሚጀምረው ከእኛ ነው፣ እኔ ነኝ የምመታው ይላል፤ ሌላው የሚገባው ወደ እኛ ነው፣ እኔ ነኝ ይላል። ከኋላ የጭነት መኪኖቹ ጡሩምባ ያንባርቃል። ጩጬ ትንሽ ጠበቀ፣ ሰዓቱን አየ፤ የጋራዡ ባለቤት ማርፈድ የማይወድ ሰው ነው ተብሏል።

«አንዳችሁ ቀለሙን ያዙ» አላቸው በለሰለሰ አንደበት፣ «አንዳችሁ ማኅተሙን።»

ፖሊሶቹ ተያዩ። አንደኛው የቀለሙን ሣጥን አነሳ፣ ሌላው ማኅተሙን ነከረና መታ። ወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ጩጬም አመስግኖ፣ የመፍቻ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ሥራው ተሻገረ።